የበላሁት የት ይሄዳል?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4 ሰዓት፣ መ/ቤት

አሁን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ወጣሁ። በሩን በወንበር ደግፌ ጡቴን አለብሁ። ጡጦው ሞልቶ ተርፎ ፎጣው ላይ ፈሰሰ። ወተቱስ ደግ ነው። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ ስታገለው ቆየሁ።

ራበኝ። ከቤት ስወጣ ሽሮ በእንጀራ በላሁ። እዚህ እንደ ደረስሁ ዳቦ። አሁን በግራ እጄ ቆሎ እየዘገንሁ ነው የምጽፍብህ።

ማስታወሻዬ፣ አዲስ ነህና ሰዎቼን ላስተዋውቅህ። ልጄ ናርዶስ ናት፣ ጥቅምት ላይ የተወለደች፣ ሁለት ጥርስ ልታወጣ የምትታገል። ባለቤቴ ይበልጣል ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። እናቱን እማሆይ እንላቸዋለን። መሪጌታ ባላቸው ካረፉ በኋላ መንኩሰው፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች ገዳም ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ጥር ላይ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅቱን የሚይዝ ጠፋና ጓዛቸውን በአንድ ሙዳይ ይዘው መጡልን። እኔ ትዕግሥት ነኝ፣ የመስኖ መሐንዲስ። በስሜና በጠባዬ መካከል ያለውን ርቀት ሰሞኑን ያየ ሁሉ ይስቃል።

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የንስሐ አባቴ ስለማጠባ ፈትተውኛል፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ብይ ብለውኛል። ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃ በአፋቸው በማይዞር መነኩሲት ፊት እንቁላል መጥበስ አልሆነልኝም። ስለዚህ የጾሙን እበላለሁ። በብዛት። በማለዳ። ደጋግሜ።

ራሔል ከሒሳብ ክፍል መጥታ ወገቤን በሁለት እጇ ለካችው። ሻዩ የቱ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። የማቅጠኛ ሻይ ማለቷ ነው። የምን ሻይ አልኋት። አላመነችኝም። እሷም ከወለደች ዓመት አልሞላትም።

አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰዓት

ናርዶስ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። እኔ አልተኛሁም። ጎሕ ሲቀድ መጋረጃዎቹን አውርጄ ዘፈዘፍሁ። እማሆይ ለጸሎት ሲነሡ ወንበር ላይ ቆሜ አገኙኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ቆሽሾ ነው አልኋቸው። አልቆሸሸም። ለገና ነው የታጠበ። አተኩረው አዩኝና ዳዊታቸውን ይዘው ገቡ።

መቀመጥ አልቻልሁም። ስቀመጥ ውስጤ የሚሮጥ ነገር አለ። ስቆም ደግሞ ጉልበቴ ይክደኛል። ሙቀት። ሁሉም ሰው ነጠላ ደርቦ እኔ ላብ በላብ። ጸጉሬ ስታጠብ በእፍኝ ይወጣል፤ የመታጠቢያውን ቀዳዳ ደፈነው።

የካቲት 23፣ እሑድ። ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሰፈር ሴቶች ከበቡኝ። ወልደሽ እንዲህ፣ አንቺስ ታድለሻል፣ እኛ ከወለድን ወዲህ ወገባችን የት እንደ ገባ አናውቅም። ይበልጣል ከኋላዬ ፈገግ እንዳለ ይታወቀኛል። ቀሚሴ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ ነው፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝሁት።

መድኃኒት ቤት ገብቼ ተመዘንሁ። ሳላረግዝ ከነበርሁት በታች ሆኛለሁ። በብዙ።

እናቴ ከማክሰኝት ደወለች። ድምፄን ሰምታ ብቻ ከሳሽ አለችኝ። ድምፅ ይከሳል ወይ? እዚያ ቤት አይሰጡሽም እንዴ፣ አማቶችሽ ጾመኞች ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ይሉኝታ ይገልሻል አለች። አራስ እያለሁ ያጠጣችኝን አጥሚት ሁሉ ቆጠረችልኝ። በሚኒባስ በሶና ተልባ ልካለች፣ ነገ ይደርሳል። እበላለሁ እኮ እማዬ አልኋት። ታዲያ የበላሽው የት ይሄዳል አለችኝ።

የት ይሄዳል?

ናርዶስ ስትጠባ ቁልቁል አየኋት። ጉንጯ እንደ ዳቦ ነፍቷል፤ ክንዷ ላይ እጥፋት አለ። የኔ አጥንት ወጥቷል። ክፉ ነገር አሰብሁ። እየጠባችኝ አይደለም፣ እየበላችኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ወዲያው አማተብሁ። ይህን ከአንተ በቀር ለማንም አልናገርም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት

ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ሄድሁ። ወጣት ሐኪም ነው፣ ስልኩ እየጮኸ ያነጋግረኛል። የዓይኔን ሽፋን ገልጦ አየ። ደም ማነስ ነው፤ ደግሞም ለአዲስ እናት ጭንቀት ያለ ነው አለ። የብረት ኪኒን ጻፈልኝ። እረፊ አለኝ።

እረፊ ማለት ቀላል። ማረፍ ብችል ምን ልሠራ መጣሁ?

ስመለስ ገበያው ጥግ ቆሜ አንድ እጅ ሙዝ ጨረስሁ። ልጣጩን የምጥልበት አጥቼ በፌስታል ይዤ ቢሮ ገባሁ። ራሔል ፌስታሉን አይታ ሙዝ ብቻ ነው ወይ የምትበይው፣ ሚስጥሩ እሱ ነው ወይ አለችኝ። ልጮህባት ምንም አልቀረኝ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ። ከሰዓት 10 ሰዓት

ዛሬ ለመስክ ሥራ ቆጋ መስኖ ነበርሁ። መንገዱ ሰላም ነው ስለ ተባለ በማለዳ ወጣን። ስንዴው እሸት ሆኗል፣ ቦዩ ዳር ድንች የሚያጠጡ ሰዎች ነበሩ። ወትሮ ከመኪናው ስወርድ ነፍሴ መለስ ትላለች። ውሃ ሲፈስ ማየት ይበቃኛል።

ዋናው ቦይ አፋፍ ላይ ጎንበስ ብዬ የውሃ ፍጥነት መለኪያውን ሳወርድ እጄ እንደ ሽማግሌ እጅ ተንዘፈዘፈ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። መለኪያው አመለጠኝ። ገመዱን አላሰርሁትም፤ ማሰር ረስቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ገመድ ሳላስር ቀርቼ አላውቅም። ውሃው ወሰደው።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለጊዜው ቢሮ ብትሆኚ ይሻላል፣ አንቺም ትንሽ ትረጊያለሽ» አሉ። ለጊዜው። እሳቸው ለጊዜው ያሉት ነገር ስንት ጊዜ ዘላለም ሆኖ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቅ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ። ከሰዓት 11 ሰዓት

ብዕሩን አጥብቄ ይዤ ነው የምጽፍ። ፊደሉ ካልተነበበህ ይቅርታ።

ይበልጣል ለምሳ መጣ። ፊቱ ሌላ ነው። የራሔል ባል እሱ ፋብሪካ ነው የሚሠራ፤ ሚስትህ የምትጠጣውን የማቅጠኛ ሻይ ስም ለሚስቴም ትንገራት ብሎ ጠይቆታል። በሥራ ጓደኞቹ ፊት።

«የምትወስጅው ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም።»

«ቦርሳሽ ውስጥ ያየሁት ኪኒን ታዲያ?»

ቦርሳዬን ፈትሿል። የብረት ኪኒን ነው አልሁት። ማሸጊያው ላይ ስሙ ተፍቋል፤ ቆሎና ቁልፍ መካከል ሲንገላታ የከረመ ነው። ገለባብጦ አየው።

«ትዕግሥት፣ ሰው ሁሉ እየከሳሽ ነው ይለኛል። እበላለሁ ትያለሽ። የምትበይውንም አያለሁ። እንግዲህ ወይ ታስመልሽዋለሽ፣ ወይ የምትውጭው ነገር አለ። መቅጠኑን ውደጂው፣ የራስሽ ገላ ነው። ልጄን መርዝ እያጠባሽ ከሆነ ግን ንገሪኝ።»

መርዝ አለ። ናርዶስን በአንቀልባ አዘልኋትና ወጣሁ።

በሐይቁ ዳር ሄድሁ። መሄድ አይባልም፤ ሩጫ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል ጋ ስደርስ ልቤ መምታቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መሬቱ ወደ ጎን ዘመመብኝ። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳልወድቅ ብቻ አሰብሁ። ልጅቱ ጀርባዬ ላይ ናት። በጉልበቴ ወረድሁና አሸዋውን ያዝሁ።

ልብስ የምታጥብ ሴት ሮጣ መጣች። ስሟንም አልጠየቅሁ። ናርዶስን ፈትታ ወሰደችልኝ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችኝ፣ ለማን ልደውል አለችኝ። የይበልጣልን ስም መጥራት አልፈለግሁም። የእማሆይን ቁጥር ሰጠኋት።

በባጃጅ መጡ። ቆባቸው ተንሻፎ። መነኩሴ በባጃጅ ሲበር አይተህ አታውቅም። ወረዱና ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። ረጅም ጊዜ ያዙት። ጠበል ይወስዱኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁ።

«ይኼ እርቦሽም፣ ተቆጥተሽም አይደለም» አሉ። «ነገ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ትልቁ ጋ። ጠበሉ አይቀርብሽም፤ መጀመሪያ ግን ይኼን ልብ ይዩት።»

እንባዬ መጣ። ከመጋረጃው ቀን ጀምሮ እያዩኝ ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ። ከሰዓት

እማሆይ አብረውኝ ሄዱ፣ ልጅቱን ታቅፈው። ይበልጣል ሥራ ገባ። ሳንነጋገር ነው ያደርን።

ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እጅሽን ዘርጊ አለችኝ። ዘረጋሁ። ጣቶቼ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ በነፋስ እንደሚመታ ቅጠል ይርገበገባል፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ከዚያ ከኋላዬ ቆማ አንገቴን ዳሰሰች፣ ዋጪ አለችኝ።

ጥያቄ ጀመረች። ሙቀት ይበዛብሻል? እንቅልፍስ? ሆድሽ ቶሎ ቶሎ ያስወጣሻል? ጸጉርሽስ? የምትበይውን እየበላሽ ነው የከሳሽው? ሁሉንም አዎ፣ አዎ፣ አዎ። አንድ ሰው እስከ ዛሬ ይህን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ። ሁሉም የጠየቁኝ ሻዩን ነው።

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሰኞ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ። ከሰዓት 9 ሰዓት

ስም አለው። እብደት አይደለም።

ይበልጣል ሳልጠራው መጣ፣ ፈቃድ ጠይቆ። ከእማሆይ ጋር ሦስታችን ገባን፣ ናርዶስ አራተኛ። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። አንገት ላይ፣ እንቅርት የሚወጣበት ቦታ፣ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። የምንበላው በሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚቃጠል የምትወስን እሷ ናት። ከወሊድ በኋላ አንዳንድ ሴት ላይ ትቆጣለች፤ ያጠራቀመችውን ሆርሞን ባንዴ ትለቀዋለች። ያኔ ልብ ይሮጣል፣ ሰውነት ይግላል፣ የተበላው ሁሉ ሳይቆይ ይነዳል። የእኔ እጥፍ ድርብ ሆኗል።

የኔ ጥፋት አለበት ወይ አልኋት። የበላሁት ወይም ያልበላሁት?

«የለበትም» አለች። «አንቺ በመብላትሽ ነው እስካሁን ቆመሽ ያጠባሽው።»

ወተቴስ? ደጋግሜ ጠየቅኋት። ልጅቱን አይጎዳትም፣ አጥቢያት። የልብ ምቱን የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ለምታጠባ ሴት የሚሆነውን መርጣ። የሚያጠባ ሰው በወትሮው ላይ ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልገዋል፣ ላንቺ ደግሞ ከዚያም በላይ አለች። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት። ጾሙን ለዘንድሮ ተይው።

ደግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። ዕጢዋ ያላትን አፍስሳ ስትጨርስ ባዶ ልትሆን ትችላለች። ያኔ የተገላቢጦሽ ይመጣል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ እንድመረመር ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ይበልጣል ሙሉውን ጊዜ ወለሉን ነበር የሚያይ። በሩ ላይ ስንደርስ «ቦርሳሽን...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልረዳሁትም። አሁንም ተናድጃለሁ። ሆርሞኑ ነው እንዳትለኝ፤ ይኼኛው የራሴ ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት

ይህን ቁጭ ብዬ መጻፍ አለብኝ፣ ሳይረሳኝ።

ከመኝታ ስወጣ ጓዳው ውስጥ ቅቤ ሸተተኝ። በጾም። እማሆይ ምድጃው ፊት ቆመዋል። ትላንት ማታ ከገበያ ትንሽ መጥበሻ ገዝተው ኖሯል፤ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ። እንቁላሉን ሰብረዋል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው የሚያማስሉ፣ እጃቸው ብቻ መጥበሻው ላይ። ከመነኰሱ ወዲህ ይህን ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

«እማሆይ፣ ኧረ እኔ...»

«ተቀመጭ።»

«እርስዎ ጾመኛ፣ እንዴት ብዬ...»

«ስሚኝ ትዕግሥት። እኔ የምጾም ለራሴ ነፍስ ነው። ያንቺን እንጀራ አስቀርቼ የማገኘው ጽድቅ የለም። እኔን እያፈርሽ ሽሮ ስትበይ የከረምሽውን ትላንት ነው የነገረኝ ይበልጣል። አሁን ብይ፤ እኔም አያለሁ።»

ተቀመጡና እያዩኝ በላሁ። እንቁላሉ ትንሽ አርሯል፤ ሳያዩ ስለ ጠበሱት። ሳህኑን በዳቦ ጠረግሁት። ሲነሡ ነጠላቸውን አሽትተው ፊታቸውን ቋጠሩ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ኪኒኑ ሠራ። ልቤ እንደ ሰው ልብ ይመታል። ተኛሁ፣ እውነተኛ እንቅልፍ። እንቁላል በየጠዋቱ፣ ከሰዓት ወተት፣ ምሳ ላይ ሥጋ። ጠረኑ ለእማሆይ እንዳይደርስ መስኮት እከፍታለሁ፤ እሳቸው ይዘጉታል፣ ልጅቱን ይበርዳታል እያሉ።

ይበልጣል ትላንት ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሐኪም ቤት የጀመረውን ነገር ጨረሰው። መፈተሼም ቃሌም ነውር ነበር አለ። ለራሔል ባልም በሰው ፊት ነግሮታል፤ ሚስቴ ታማ ነው፣ ሻይ የሚባል ነገር የለም ብሎ። እሺ አልሁት። እራት ላይ ግን ከሳህኔ ጠቀለልሁና አጎረስሁት። እሱ የጾም፣ እኔ የፍስክ መሆኑን ሁለታችንም ረስተን። እማሆይ ሳል መጣባቸው።

ሚያዝያ 12፣ የፋሲካ ዕለት። ከሰዓት

ቤቱ ሰው ሞልቷል። እናቴ ከማክሰኝት መጣች። ዶሮው ቀረበ። ሁሉም በጉጉት ይበላል፣ እኔ ሁለት ጉርሻ ላይ ቆምሁ። አላሰኘኝም። ገረመኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ራብ አብሮኝ ኖሮ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ፊትሽ ተመለሰ፣ አማረብሽ ይሉኛል። እናቴ ጉንጬን ቆንጥጣ ለእማሆይ ምርቃት አወረደች። ሁለቱ ሴቶች ተግባብተዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጓዳ ገብቼ ያለ ምክንያት አለቀስሁ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 8 ሰዓት

ባሕር ዳር በሙቀት ትነዳለች፤ ሰው አስፋልቱን መርገጥ ፈርቷል። እኔ ጋቢ ለብሻለሁ። ቢሮ ውስጥ ማራገቢያውን አጥፉልኝ ብዬ ተጣላሁ።

አካሌ ከባድ ነው። ደረጃው ተራራ ሆነ። አንድ ሪፖርት ለመጻፍ ግማሽ ቀን፤ ያውም ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ያኔ አካሌ ሲሮጥ አሳቤ ይከተለው ነበር። አሁን አሳቤ ልሂድ ሲል አካሌ የለም። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ቀሚሶቼ ጠበቡኝ። ራሔል፣ ባሏ እንዳልነገራት፣ ሻዩን አቆምሽ ወይ አለችኝ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ወተቴ እየሸሸ ነው። ናርዶስ ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ግምጃ ቤት ገብቼ ሳልብ የጡጦው ታች ብቻ ይረጥባል። እማሆይ ገንፎ አቅጥነው አስጀመሯት፣ ስድስት ወሯ ሞልቷልና። አፏን ከፍታ ትቀበላለች። ስትበላ ሳይ ደስታና ቅናት አንድ ላይ መጡብኝ።

ሐኪሟ የነገረችኝ የተገላቢጦሽ ይኼ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ቀጠሮዬም ባለፈው ሳምንት ነበር። አልሄድሁም። ማጥባቱን አቁሚ የምትለኝ እየመሰለኝ ፈራሁ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት

ይበልጣል ቀጠሮዬ ማለፉን ደረሰበት። ቦርሳዬን አልፈተሸም፤ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን አለ፤ አልተቆጣም። ያ ባለፈው ሐሙስ ነበር፤ ዓርብ ሄደን ደም ሰጠሁ። ዛሬ ውጤቱን ይዘን ወጣን።

ዕጢዋ ደክማለች። አሁን ከልክ በታች ነው። ሆርሞኑን ራሱን በኪኒን እወስደዋለሁ፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ ከብረቱ ኪኒን አራርቄ። ሰውነቴ ራሱ የሚሠራው ዓይነት ስለ ሆነ ለወተቱ አይከፋም። ምናልባት ለዓመት ያህል፤ ከዚያ ዕጢዋ ታገግም እንደ ሆነ ይታያል። ላታገግምም ትችላለች።

ጥያቄውን ያነሣው ይበልጣል ነው። «ወተቷ ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን ላይሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ልጅቱ ምግብ ጀምራለች፣ ክብደቷም ደህና ነው። ያለውን ታጥባት። የቀረውን ሳህኑ ይሞላዋል።»

የፈራሁት ቃል አልመጣም። ያ ሁሉ መሸሽ በከንቱ ነበር። ስንወጣ ይበልጣል እጄን ያዘኝ። ቀዝቃዛ ነው አለኝና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ከሰዓት

ጋቢው ከወንበሬ ወርዷል። አሳቤና እግሬ እየተቀራረቡ ነው። ጠዋትና ማታ ላይ ወተት አለ፤ ቀን ላይ የለም። ናርዶስ ቀን ላይ የእንቁላል አስኳል በድንች ትበላለች፣ ጸጉሯ ሳይቀር ይበላል።

አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። ለመስክ ሥራው ሌላ መሐንዲስ ተገኝቷል። ብፈልግ ቢሮ በቋሚነት ልቆይ፤ ለእናት ይመቻል፣ ጤናሽም ነው አሉ። በቅንነት ነው ያሉት። እስከ ነገ መልስ ልስጥ።

ቤት ገብቼ አወራሁት። ይበልጣል ቢሮውን ያዢ ይላል። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው፣ እንደገና ብትወድቂስ። እውነት አለው። እናቴ በስልክ የሱን ደገመች።

እማሆይ እህል እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«አንቺ የምትወጅው የቱን ነው?»

ቆጋን አልኋቸው። ከእኔ አፍ እንዲህ በፍጥነት መውጣቱ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ልጅቱን ስለሚይዝ ሰው ነው የምትጨነቂ?»

እርስዎ ለክረምት ወደ ገዳምዎ ይመለሳሉ አልኋቸው። ሐይቁ የትም አይሄድም አሉ። በእግሯ እስክትሄድ እቆያለሁ፣ የገዳሙ አባም ፈቅደውልኛል። ለእኔ ሳይነግሩ ጠይቀው ኖሯል።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 11 ሰዓት

ለአቶ ጌታሁን ነገርኋቸው። መስኩን አልለቅም። ቦታው የኔ ነው፤ ታምሜ ነበር፣ በሽታው ስም አለው፣ መድኃኒቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የመስክ ፕሮግራሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ «ነገ መኪናው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል» አሉኝ።

«ከአንድ ሰዓት በፊት አልደርስም» አልኋቸው። ለምን አላሉኝም፤ እኔ ግን ነገርኋቸው።

ይበልጣል ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ሳይለው። ሆኖም የመስክ ጫማዬን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ አሁን በረንዳው ላይ እያራገፈው ነው።

ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። ጠዋት ተነሥቼ ኪኒኔን እውጣለሁ። ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ ምግብ ትንሽ መቆየት አለበት፣ በዚያ መካከል ናርዶስን አጠባለሁ፤ ያለውን ያህል። ከዚያ ተቀምጬ ቁርሴን እስክጠግብ እበላለሁ። መኪናው ይጠብቅ።